የበልግ አበባና የሰው ሐቅ

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና የደረቀውን ምድር በዝናብ ሕያው ለሚያደርገው ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

 

ዛሬ የማነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ የጋዜጣ ቦታ የሚያባክን መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ዛፍ ነው የምጽፈው። ስንትና ስንት የኡማው ችግር ተቆልሎ እያለ ይህ ሰውዬ ስለ አበባ ሊያወራን ነው እንዴ? እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። በአንድ ዛፍ አበባ ምክንያት የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ታስሮ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬያለሁና ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐርቡ ሰው ጠይቄ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ እመለስ ነበር። ሐርቡ ላይ ማንጎው በየቅርንጫፉ ጫፍ አበባውን አቁሞ ቆይቶኛል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃካራንዳው ቅጠሉን አራግፎ ሐምራዊ ልብሱን ሊለብስ ተነሥቷል። ይህ ዛፍ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከተሜ ሆኖ የቀረ እንግዳ ነው። የሐረጎን ዳገት ስንያያዝ ደግሞ ኮርቹ አንዲት ቅጠል ሳይኖረው፣ በእሾሃማ ራቁት ቅርንጫፉ ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ ይዟል። ደሴ ገብቼ ከሰፈሬ ስደርስ በጎረቤቴ አጥር ውስጥ ያለችው ኮክ ገና እምቡጧን መፍታት መጀመሯ ነበር።

ልብ በሉ! ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አንድ መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሦስትና አራት ዲግሪ ጥለን እንወጣለን። ታች ቅጠል ያወጣው ብሳና ላይ ሲደርሱ ገና እንደተኛ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወጣ ሰው በልጉን ወደ ኋላ እየቆጠረ ይሄዳል ማለት ነው። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ይህንን የሚያይ ሰው ግን አልነበረም። ወጣቶቹ በስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ሽማግሌዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልፈርድባቸውም። እኔ ወጣት ሳለሁ ስልክ አልነበረኝም፤ ዛፉንም አይ ነበር። የማየው ግን ዋጋውን ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ዛፍን ማየት የታዘዝነው ጉዳይ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? በሱረቱል አንዓም 99ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ከሰማይ ስለሚያወርደው ውሃ፣ በእርሱም ስለሚበቅለው አዝመራ፣ ስለ ተምሩ፣ ስለ ወይኑ፣ ስለ ወይራውና ስለ ሮማኑ ከነገረን በኋላ፣ ዛፉ ማፍራት ሲጀምርና ፍሬው ሲበስል እንድንመለከተው ያዘናል። ብሉ ከማለቱ በፊት ተመልከቱ አለን። እንድንመለከት የተነገረንም ሁለቴ ነው፤ አንዱ ሲጀምር፣ ሌላው ሲበስል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። የእኔም ኃጢአት የተሠራው በዚያ መካከል ነው።

በነገራችን ላይ የአበባ ነገር ሲነሣ ሁሉም ሰው መስከረምን ነው የሚጠራው። መስከረም የሜዳ አበባ ነው፤ የአደይ ነው። በእኛ በወሎ ዛፉ የሚነቃው ግን በበልግ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የምትጥለው ያቺ ትንሽ ዝናብ ለሌላው አገር ትርፍ ልትሆን ትችላለች፤ ለወሎ ደጋ ግን የገብስ ዘር ናት፣ የከብት ሳር ናት፣ ምንጭ ናት። በልግ የቀረ ዕለት ምን እንደሚመጣ በዕድሜ የገፋውን ወሎዬ ጠይቁ።

ወደ ጎረቤቴ ኮክ ልመለስ። የዕፅዋት ባለሙያዎች እንደሚያስረዱን የኮክ አበባ እምቡጥ በየካቲት የተሠራ አይደለም። ዛፉ ባለፈው የእድገት ወቅት፣ የቀድሞው ፍሬ ገና በላዩ ሳለ፣ የሚቀጥለውን አበባ በትንሿ እምቡጥ ውስጥ አዘጋጅቶ ይዘጋበታል። ከዚያ ይተኛል። ያንን እምቡጥ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በቂ ብርድ መቅመስ አለበት። ብርድ ያልቀመሰ ኮክ ሙቀት ቢመጣለትም በወጉ አያብብም። ኮክ ደሴን የወደደው፣ ሐርቡን ያልወደደው ለዚህ ነው። እኛ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ለሱብሒ ስንነሣ ‹‹ምን ዓይነት ብርድ ነው!›› እያልን ያማረርንበት የጦሳ ውርጭ፣ ከአጥሩ ሥር ለዚያች ዛፍ ሰዓት ይቆጥርላት ነበር። ሱብሓነላህ!

ደርቆ የነበረው ቅርንጫፍ ሲያብብ ማየት የትንሣኤን ቀን እንደሚያስታውስ በሱረቱ ቃፍ ተነግሮናል፤ ምድር በውሃ ሕያው እንደምትሆን ሁሉ ከመቃብር መውጣትም እንደዚያው ነው። ይህንን በየኹጥባው ስለሰማችሁት አላስረዝመውም። እኔ የምፈራው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ከመቃብር የወጣ ሰው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ባለ ሐቆቹ ይጠብቁታል። ከእኔ ባለ ሐቆች አንዷ የሐርቡ ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1976 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ደሴ ላይ ፍራፍሬ ይነግድ ስለነበር እኔ ወደ ቆላው እየወረድኩ እገዛለት ነበር። የዚያን ጊዜ ብልጥ ነጋዴ የሚባለው ፍሬ ሲደርስ የሚሄድ ሳይሆን አበባ ሲሆን የሚሄድ ነው። ገበሬው በየካቲት እጁ ባዶ ነው፤ የመኸሩ እህል አልቋል፤ በልጉ አልደረሰም። ዛፉ ግን አብቧል። በዚያን ሰዓት 40 ብር በጥሬው ያሳየኸው ሰው፣ ከዘጠኝና ከአሥር ወር በኋላ ከመቶ ብር በላይ የሚያወጣውን ፍሬ ይለቅልሃል። ሕግ ይመስለን ነበር፤ ወላሂ ማንም ክፉ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ወይም የነገረኝ ሰው ኖሮ አልሰማሁትም ይሆናል።

ከሐርቡ ዝቅ ብሎ፣ በምንጭ ቦይ የሚጠጡ አምስት የብርቱካን ዛፎች የነበሯት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴትና ስምንት ዓመት የሚሆነው ወንድ። እጓሮዋ ስገባ የብርቱካኑ አበባ ሽታ ከሩቅ ይጠራ ነበር። መሬቱ በነጭ አበባ ተነጥፏል፤ ንቡ ዛፉን ወሮታል። ዛሬ ሳስታውሰው ያማረ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ቅርንጫፉን በዓይኔ እየቆጠርኩ ነበር።

‹‹እናቴ፣ አምስቱንም እንዳሉ ይሽጡልኝ›› አልኳት።

‹‹ልጄ፣ ይህ እኮ ገና አበባ ነው። ምኑን ትገዛዋለህ?›› አለችኝ።

‹‹አላህ ካለ ያፈራል።››

ይህቺን ‹‹አላህ ካለ›› የምትለዋን ቃል አስተውሉልኝ። ተወኩል አልነበረችም፤ የንግድ ዘዴ ነበረች። ምክንያቱም ‹‹አላህ ካለ›› ብዬ ስናገር፣ አላህ ባይል ማን እንደሚከፍል አስቀድሜ አስቤበታለሁ። ውሉ በሁለት ምስክር ፊት እንዲህ ነበር፦ 40 ብር ዛሬ እሰጣታለሁ፤ ፍሬው ከያዘ ሁሉም የእኔ ነው፤ ፍሬው ካልያዘ 55 ብር ትመልስልኛለች። ሴትየዋ ትንሽ ዝም ብላ ልጆቿን አየችና ብሩን ተቀበለች። የዚያኑ ሳምንት ማሽላ እንደገዛችበት በኋላ ሰምቻለሁ።

የዚያን ዓመት በልግ ቀረ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ ሰማዩ እንደ ምጣድ ሆኖ ዋለ። ምንጩ ቀጠነና ቦዩ ደረቀ። አበባ ሁሉ ፍሬ እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ብርቱካን በደህና ዘመን እንኳ ከመቶ አበባው ጥቂቱን ብቻ ነው ለፍሬ የሚያደርሰው፣ ማንጎማ ከመቶው አንዱ እንኳ ላይሆንለት ይችላል። ያን ጊዜ ግን የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ያህል ሆነው የያዙትም ሳይቀሩ ረገፉ። በግንቦት መጀመሪያ፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ወረድኩ። ከዛፎቹ ሥር ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ዛፉን ካየሁ በኋላ ወደ ቤቱ ሄጄ ገንዘቤን ጠየቅሁ።

ሴትየዋ ገንዘብ አልነበራትም። የነበራት አንዲት የምትታለብ ፍየል ናት። ‹‹ክረምቱ ይግባና ልክፈልህ›› አላለችኝም፤ ብትለኝም እሺ የምል አልነበርኩም። ‹‹አብሽር ልጄ፤ ቃል ቃል ነው፤ ውሰዳት›› አለችኝ። ትንሹ ልጅ የፍየሏን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። እናቱ ‹‹ልቀቅ›› ስትለው አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ። ፍየሏን ኮምቦልቻ ገበያ ወስጄ በ55 ብር ሸጥኳት። ልክ በውሉ መጠን ስለሸጥኳት ፍትሕ የፈጸምኩ መስሎኝ ነበር። ያንን ረመዳን ጾምኩ፤ ተራዊሕም ቆምኩ።

በልጉ እንደቀረ ክረምቱም ተከተለው። 1977 ዓ.ም. ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አይገባኝም። በ1966ቱ ያለቀው ሰው አጥንት ገና ሳይበሰብስ ሌላ መጣ። ከቆላውም ከደጋውም ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ አስፋልቱ ወረደ። እኔ ደሴ ሆኜ ሰልፉን አይ ነበር። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ያቺን ሴት እንዳላይ ዓይኔን መሬት መሬት አደርግ እንደነበር ዛሬ ልደብቃችሁ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄዱ፤ መንግሥትም ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት ማብቂያ ላይ ገባ። (የጨረቃ አቆጣጠር ከፀሐዩ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ ረመዳን ክረምትና በጋውን ሁሉ ዞሮ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለዚህ ነው በ2017ም በዚያው በአበባው ወቅት የገባልን።) ደሴ ከሚገኙ መስጊዶች በአንዱ ከዐስር በኋላ አንድ አረጋዊ ሸይኽ ኪታብ ያቀሩ ነበር። ያን ቀን የደረሱት የሽያጭ ምዕራፍ ላይ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) የዘገቡትን አነሡ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ደኅንነቱ ሳይታይ፣ መብሰል ሳይጀምር እንዳይሸጥ ሻጩንም ገዢውንም ከልክለዋል። ከአነስ (ረ.ዐ.) በመጣው ዘገባም ምክንያቱን በጥያቄ መልክ ነግረውናል፤ አላህ ፍሬውን ቢከለክል አንዳችሁ የወንድሙን ገንዘብ በምን ሐቅ ይወስዳል? የሚል መልእክት ያለው ጥያቄ ነው።

ሸይኹ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ ‹‹አበባ የአላህ ጉዳይ ነው፤ ገና ወደ ገበያ አልመጣም። አበባን የሸጠና የገዛ ሁለት ሰው ቁማር ገብቷል። ፍሬው ከቀረ አንዱ የሌላውን ገንዘብ በከንቱ ይበላል። ለዚህ ነው የሻጩም የገዢውም እጅ የተያዘው።›› ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ሰማሁ። ሐዲሱ በተለመደው ሁኔታ የሚያስጠነቅቀው ገዢው እንዳይከስር ነው። እኔ ግን ገዢ ሆኜ ሳለሁ ኪሳራውን አስቀድሜ በመበለቲቱ ጀርባ ላይ ጭኜዋለሁ። እኔ ከፍሬውም ከአበባውም አልከሰርኩም። እንዲያውም 40 ብር ሰጥቼ 55 ወሰድኩ። ፍሬ ቢይዝ በርካሽ የተገዛ ብርቱካን፣ ባይዝ ደግሞ ወለድ ያለው ብድር! ሪባ ማለት ባንክ ቤት ብቻ ያለ ነገር ይመስለን ነበር። ከብርቱካን ዛፍ ሥርም ይበቅላል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሸይኹን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። ታሪኩን ስነግራቸው ‹‹አንድ ወዳጄ›› ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ መሐል ላይ ግን ‹‹እኔ›› የሚለው ቃል አመለጠኝ። ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ ‹‹በሒሳብ ከሄድን ሽያጩ ፈሳሽ ነው፤ አንተ 40 ብርህ ይመለስልህ ነበር። የወሰድከው 55 ነው፤ ያለብህ 15 ብር ነው።›› ልቤ ቀለል ሊለው ሲል ቀጠሉ። ‹‹ይህ የቃዲው ሒሳብ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ ባለ ዕዳው የተቸገረ እንደሆነ እስኪያገኝ ድረስ ጠብቁት፣ ብትምሩት ደግሞ ለእናንተ የተሻለ ነው ሲል የነገረን የሌላ ሒሳብ ነው። ያንን አንተው ታውቀዋለህ።››

አሥራ አምስት ብር! በዚያ ዓመት አሥራ አምስት ብር ለአንዲት እናት ምን ያህል ማሽላ እንደሆነ፣ አንዲት የምትታለብ ፍየል ለስምንት ዓመት ልጅ ስንት ጠዋት እንደሆነች እያሰላሁ አደርኩ።

አሁን የማወራው ሌላው ጥፋቴን ነው። ያን ዒድ አልወረድኩም። የሚቀጥለውንም አልወረድኩም። ሥራ በዛ፣ ልጅ ታመመ፣ መንገዱ ተበላሸ እያልኩ አምስት ዓመት አለፈ። ተውባን ማዘግየት እንዴት እንደሚቀል እዩ፤ ሁልጊዜ ምክንያቱ እውነት ነው። መንገዱም በርግጥ ተበላሽቶ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. በመጋቢት ሄድኩ። እናትየው በ1977 መጨረሻ ሞታለች። ከአምስቱ ዛፎች ሁለቱ ነበሩ። ልጁ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት የአጎቱን መሬት ያርሳል። ስሜን ነገርኩት፤ አላወቀኝም። ‹‹አንተ ትንሽ ሳለህ ፍየል...›› ስለው እጄን አየ፤ ፊቴን አላየም። ያመጣሁትን ሰጠሁት። 15 ብሩን ሳይሆን የአንዲት ጥሩ የምትታለብ ፍየል የዚያን ዘመን ዋጋና ጥቂት ጭማሪ ነበር። ‹‹አውፍ በለኝ›› አልኩት።

ብዙ ቆየ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ ‹‹በእኔ በኩል አውፍ ብያለሁ። የእሷን ግን እኔ አልችልም።››

እውነቱን ነው የተናገረው። ልጅ ገንዘቧን ይወርሳል እንጂ ቂሟን ወይም ይቅርታዋን አይወርስም። ‹‹እናትህ ደግ ሰው ስለነበረች ይቅር ብላኝ ይሆናል›› ልለው ፈለግኹና አፍሬ ተውኩት። ‹‹አብሽር ልጄ›› ያለችኝ ድምጿ ይቅርታ ይሁን ትዕግሥት አላውቅም። የቂያማ ዕለት እሰማዋለሁ።

ይህንን ሁሉ የምጽፈው ራሴን ለማሞገስም ለማዋረድም አይደለም። ዛሬም በየገጠሩ ይኸው ነገር አለ። ስሙ ተለውጧል፤ መልኩ ግን ያው ነው። ጤፉ በማሳው ላይ ሳይዘረዝር ዋጋው ይቆረጣል፤ ባሕር ዛፉ ሳይወፍር ቀብድ ይበላበታል፤ ብርቱካኑና ማንጎው በአበባው ይሸጣል። ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ በኋላ እህል መረከብን ኢስላም በጅምላ አልዘጋብህም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ ለተምር ለአንድና ለሁለት ዓመት አስቀድመው ሲከፍሉ አግኝተዋቸዋል፤ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ቀኑ ተለይቶ የታወቀ ይሁን ብለው ፈቀዱላቸው። ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው። ነገር ግን በአንዲት ድሃ ጓሮ ባለች በዚህች ዛፍ፣ በዚህ አበባ ላይ አይታሰርም፤ ባልተሳካ ጊዜም ጭማሪ አይጠየቅበትም። ዝርዝሩን በአካባቢህ ካሉ ዑለማዎች ጠይቅ። እኔ ፈቂህ አይደለሁም፤ ጠይቆ የዘገየ ሰው ነኝ።

ገበሬ ወንድሜም ሆይ፣ አንተንም አልተውህም። በሱረቱል ቀለም የተነገረው የአትክልቱ ባለቤቶች ታሪክ ድሃ ሳያይ በማለዳ ሊለቅሙ ስለተማማሉ፣ ኢንሻ አላህ ማለትንም ስለረሱ ሰዎች ነው። እነሱ ተኝተው ሳለ አትክልቱ ነደደ። ያ ታሪክ ሁልጊዜ ስለ ሀብታም ሰዎች ነው እያልን ነው የምንሰማው። ሁለትና ሦስት ዛፍ ያለውም ሰው ጎረቤት አለው።

አሁን በየዓመቱ በየካቲት ወደ ሐርቡ እወርዳለሁ። ልጁ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ከእናቱ ሁለት ዛፎች ጎን ሌሎች ተክሏል። እኔ ስሄድ ቡና ይፈላል፤ ከዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን አበባውን እናያለን። ስለ ዋጋ አንነጋገርም፤ እሱም አያነሣም፣ እኔም ስንት ይይዛል ብዬ አልጠይቅም። ንቡ ሲመጣ ብቻ ‹‹ዘንድሮ ቶሎ መጣ›› ወይም ‹‹ዘገየ›› እንላለን።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አዲሶቹ ተክሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ሰጡና አስጠሩኝ። የመጀመሪያው ፍሬ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመጣላቸው በፍሬውና በከተማው በረካ እንዲሆን ዱዓ አድርገው፣ ከተገኙት ልጆች ሁሉ ትንሹን ጠርተው ይሰጡት እንደነበር አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ሙስሊም ዘግቦታል። እኛም እንደዚያው ዱዓ አድርገን የመጀመሪያዋን ብርቱካን ለትንሿ ልጅ ሰጠናት። ገና አልጣፈጠም ነበር መሰለኝ፣ ልጅቷ አንዴ ነክሳ ፊቷን ጨምድዳ ለእኔ መለሰችልኝ። በላሁት። በርግጥም ይኮመጥጥ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህንን ጽሑፍ በዚህ ዓምድ እንዲወጣ የለመንኩትም ለዚሁ ነው። ሟቿ ሴት ልጅም ነበረቻት ብያለሁ። እናቷ ስትሞት ከጎረቤት ቤተሰብ ጋር በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር እንደሄደች ወንድሟ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ወሬዋ አልተሰማም። ውርስ ነውና ከፍየሏ ዋጋ ሲሶው የእሷ ድርሻ ነው። ወንድሟ ‹‹ያንን አልነካም፣ አንተው ዘንድ ይቀመጥ›› ስላለኝ በየጊዜው እንደ ፍየል ዋጋ እየጨመርኩበት አስቀምጬዋለሁ። ሸይኾች ‹‹ተስፋ ስትቆርጥ በእሷ ስም ሰደቃ አድርገው›› ብለውኛል። ገና ተስፋ አልቆረጥኩም። ዛሬ በሕይወት ካለች ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ይሆናታል። ኢሉባቦርም ሆነ ሌላ ቦታ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከሐርቡ በታች ከነበረ መንደር በ1977 ዓ.ም. የመጣች፣ እናቷ በምንጭ ቦይ አጠገብ አምስት ብርቱካን የነበሯት ሴት ካወቃችሁ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አሳውቁኝ። ምልክቱን ትጠይቋት ዘንድ እነግራችኋለሁ፤ ፍየሏ ቡላ ነበረች፣ ግራ ጆሮዋ ነጭ።